በክብሪት ቀፎ ውስጥ የነበረው ወርቅ

የባለቤቴ የቃል ኪዳን ቀለበት ስምንት ዓመት ገደማ ከጣቷ ውጪ ኖሯል።

ልጃችንን አርግዛ ሰባተኛ ወሯ ላይ እጇ አበጠ። በሳሙና አረፋ ሞከረች፣ በዘይት ሞከረች። በመጨረሻ እንባ እየተናነቃት አወለቀችው። «ስወልድ መልሼ አደርገዋለሁ» አለች። ወለደች። እብጠቱም ጎደለ። ጣቷ ግን እንደ ድሮው አልሆነም። ቀለበቱ አንጓዋ ላይ ይደርስና ቀጥ ይላል። ሁለት ሦስቴ ሞክራ ተወችው። ከዚያ በክብሪት ቀፎ ውስጥ አድርጋ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከነጠላዎቿ ሥር አስቀመጠችው።

ክብሪት ቀፎው ውስጥ ሌላም ነገር አለ። አንድ ነጠላ ጉትቻ። በ2003 ስትመረቅ እናቷ በእቁብ ብር ገዝተው የሰጧት ባለ 21 ካራት ጉትቻ ነው። አንደኛው ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ ስትመጣ ጠፋ። ከታክሲ ስትወርድ ነጠላዋ ይዞት ሳይሆን አይቀርም። ያን ቀን መንገዱን ሁለት ጊዜ ተመላልሳ ፈለገችው። አላገኘችውም። የቀረውን ግን ልትሸጠውም፣ ልትለውጠውም አልፈለገችም።

ጥር 2017 ላይ ከተጋባን አሥር ዓመት ሊሞላን ነበር። የሆነ ነገር ልሰጣት ፈለግሁ።

ከዚህ በፊት ሰጥቻት አላውቅም ማለቴ አይደለም። ትዳራችን ገና አዲስ ሳለ፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ ከተማው በቀይ ሲጥለቀለቅ፣ እኔም እንደ ሰዉ ቀይ ጽጌረዳና ቀይ ድብ በላስቲክ ተጠቅልሎ ገዛሁላት። ተቀበለችኝ፣ ሳመችኝ። ድቡ ከወር በኋላ የእህቷ ልጅ እጅ ላይ ነበር። ሌላ ጊዜ ሽቶ ገዛሁ። ሻጩ «ሴቶች በጣም ይወዱታል» ስላለኝ ነው። ባለቤቴ ጠንከር ያለ ሽታ ራሷን እንደሚያማት አውቅ ነበር። አውቅ ነበር፣ ግን ሱቁ ውስጥ ትዝ አላለኝም። አሁን ሳስበው የሚቆጨኝ ብሩ አይደለም። እሷን የማያውቃት ሰው የሷን ነገር ሲነግረኝ አምኜ መውጣቴ ነው።

እሷ ግን ለእኔ ስትሰጥ እንዲህ አይደለችም። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ በሻማ ተቀምጠን፣ አምስተኛ ክፍል የተማርኩትን የአማርኛ ምንባብ በቃሌ አልኩላት። ግማሹን ረስቼዋለሁ። «መጨረሻው ምን ነበር?» አለችኝ። አላስታወስኩም። ከስድስት ወር በኋላ፣ በልደቴ ቀን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጠችኝ። ስፈታው ያ የአምስተኛ ክፍል መጽሐፍ ነው። ለገሃር አካባቢ መንገድ ዳር አሮጌ መጽሐፍ ለሚሸጥ ልጅ ነግራው፣ እየተመላለሰች ጠይቃው፣ አፈላልጎ ያመጣላት ነው። ሽፋኑ ተገንጥሏል። በውስጡ የማላውቀው ተማሪ ስም በእስክሪብቶ ተጽፏል። ምንባቡን አገኘሁትና ጮክ ብዬ እስከ መጨረሻው አነበብኩላት። ለዚያ መጽሐፍ ስንት እንደከፈለች ዛሬም አልነገረችኝም። ብዙ እንዳልሆነ ግን እገምታለሁ።

እንዲህ ዓይነት ነገር ልመልስላት ነበር የፈለግሁት።

መጀመሪያ የመጣልኝ አዲስ ቀለበት ነው። አንድ ከሰዓት ከአራት ኪሎ በእግሬ ወደ ፒያሳ ወረድኩ። የመጀመሪያውን ቀለበት የገዛንበት ሱቅ ቦታው ላይ የለም። ፒያሳን በ2016 እና ከዚያ ወዲህ ያላየ ሰው ቢመጣ መንገድ ይጠፋዋል። ዶሮ ማነቂያ ፈርሷል። የዓድዋ ድል መታሰቢያ ቆሟል። መንገዱ ሰፍቷል፣ የእግረኛው መሄጃ በመብራት አጊጧል። ያን ጊዜ ቀለበት መርጠን ስንወጣ ማኪያቶ የጠጣንባት ጠባብ ካፌ የት ጋር እንደነበረች ቆሜ ለመገመት ሞከርኩ። አልቻልኩም። እዚያ ቆሜ ሳለሁ ነው፣ ከዚያ ቀን የተረፈን ነገር ቀለበቶቹ ብቻ እንደሆኑ የገባኝ።

ያም ሆኖ ወርቅ ቤት ገባሁ። ዋጋ ጠየቅሁ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 አልፏል። በዓለም ገበያ ደግሞ ወርቅ ራሱ እየወጣ ነበር። የሁለቱ ጭማሪ ተደምሮ የሚያርፈው የግራሙ ዋጋ ላይ ነው። በዚያ ላይ የእጅ ዋጋ አለ። ወርቁ በግራም ይመዘናል፣ ሠሪው የደከመበት ለብቻው ይታሰባል። ሻጩ ፊቴን አይቶ ሳይሆን አይቀርም፣ «አሮጌውን አምጣውና በላዩ ጨምረህ በአዲስ ቀይረው» አለኝ። ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው። ጥፋትም የለበትም።

ግን ያ ቀለበት ካህኑ የባረኩት ቀለበት ነው። በውስጡ ስሜና ቀኑ ተቀርጾበታል። እሱን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ሌላ ይዤ ልገባ? ባለቤቴን አሰብኳት። አዲሱን ታመሰግነኝ ነበር። ታደርገውም ነበር። ማታ ግን ክብሪት ቀፎውን ከፍታ ባዶ ቦታውን የምታይ መሰለኝ።

«ይኼው ቀለበት ቢሰፋስ?» አልኩት። «እሱ የሠሪ ሥራ ነው» ብሎ ወደ ጓሮ የሚያስወጣ ደረጃ አሳየኝ።

ደረጃው ጫፍ ላይ አንድ ሰፋ ያለ ጠረጴዛ የያዘች ጠባብ ክፍል አለች። ጠረጴዛው በቃጠሎ ጠቁሯል። ሞረዶች፣ ጉጠቶች፣ ትንንሽ መዶሻዎች። ከጠረጴዛው ጠርዝ ሥር የወርቅ ብናኝ የሚቀበል ቆዳ ተንጠልጥሏል። አዛውንቱ ወርቅ ሠሪ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰሙኝ። ለመጠባበቂያ ከክብሪት ቀፎው ሰርቄ የያዝኩትን ቀለበት ሰጠኋቸው። አገላብጠው አዩት። ውስጡን ወደ ብርሃን አዙረው «750» የሚለውን ቁጥር አሳዩኝ። 18 ካራት ማለት ነው አሉ። ከ24 እጅ 18ቱ ንጹሕ ወርቅ፣ የቀረው መዳብና ብር። 21 ካራት ሲሆን ቁጥሩ 875 ነው።

«ይሰፋል» አሉኝ። «ትንሽ ብቻ ከሆነ ተወጥሮ ይሰፋል። ግን ይሳሳል፤ ጽሑፉም ይበላሻል። ይኼ ተቆርጦ በመሃሉ ወርቅ ይገባበታል። መጠኗ ስንት ነው?»

ከኪሴ የስፌት ክር አወጣሁ። ሌሊት ተኝታ ሳለ ጣቷን የለካሁበት ነው። ትንፋሼን ይዤ፣ በስልክ ብርሃን፣ ቋጠሮ አድርጌበት ነበር። ክሩን ተቀብለው በሁለት ጣታቸው ሳብ አደረጉት። ተለጠጠ።

«ወንድሜ፣ ክር ይዋሻል» አሉኝ። «ጣትም አንድ ዓይነት አይደለም። በጥር ብርድ ሌሊት ቀጭን ነው፤ ከሰዓት ሲሞቅና ሥራ ስትሠራ ይወፍራል። ደግሞ ትልቁ ነገር አንጓው ነው። ቀለበቱ አንጓውን በጥቂቱ ታግሎ ማለፍ አለበት። ካልታገለ እጇን ስትታጠብ ይወድቃል። ከሰዓት ይዘሃት ና።»

«ሳታውቅ ነበር የፈለግሁት።»

«እሱ አይሆንም» አሉኝ። ቆጣ ሳይሉ፣ እንደ ሐኪም። ከዚያ ደግሞ «የሚገባው ግማሽ ግራም ቢሆን ነው። ከእኔ መግዛት ትችላለህ። የራሳችሁ ወርቅ ካለ ግን እሱ ይሻላል» አሉ።

የራሳችሁ ወርቅ። ደረጃውን ስወርድ ነጠላዋን ጉትቻ እያሰብኩ ነበር።

ሐሳቡ በጣም ደስ አለኝ። ጣት የማያልፍ ቀለበትና ጓደኛ የሌለው ጉትቻ፣ አንድ ክብሪት ቀፎ ውስጥ ስምንት ዓመት አብረው ተኝተው፣ አንዱ ሌላውን ሊሞላው። ግን ጉትቻው የእኔ አይደለም። የእሷ ነው። የእናቷ ስጦታ ነው። ሳልጠይቅ ባቀልጠው ምን ማለት ነው? መንገድ ላይ ለራሴ «ደስ ይላታል፣ አውቃታለሁ» አልኩ። ከዚያ ሽቶውን አስታወስኩ።

ስለዚህ መጀመሪያ ወደ ቀበና ሄድኩ፣ ወደ እናቷ። ቡና አፍልተው ደረስኩ። እስከ ቶና ድረስ አፌ ላይ እያለ አልወጣልኝም። በመጨረሻ ነገርኳቸው። ቀለበቱን፣ ጉትቻውን፣ አሥረኛ ዓመቱን።

«እና እማዬ፣ ቢፈቅዱልኝ ብዬ ነው» አልኳቸው።

ሲኒያቸውን ረከቦቱ ላይ አስቀመጡ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ሰጥቻታለሁ። የሰጠሁትን መልሼ ምን ብዬ እፈቅዳለሁ? እሷን ጠይቃት» አሉኝ። ጥቂት ዝም ብለው ደግሞ፣ «ያኛው ሲጠፋ እኔን ፈርታ ሦስት ወር አልነገረችኝም ነበር። ጆሮዋን እያየሁ ዝም አልኳት» አሉ።

ከቀበና እስክመለስ ድረስ ይቺ ነገር አልለቀቀችኝም። ጆሮዋን እያየሁ ዝም አልኳት። እኔስ ስምንት ዓመት ጣቷን እያየሁ ዝም አላልኩም?

ስለ ሰርፕራይዝ አንድ ነገር ልበል። አሁን አሁን ስጦታ ማለት ሳያውቁ መደሰት፣ አፍን በእጅ ይዞ መጮህ እየሆነ መጥቷል። ቪዲዮ ይቀረጻል። ክፉ ነገር ነው አልልም፤ የደስታ ለቅሶ ሳይ እኔም ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ግን ሁሉም ስጦታ በድብቅ መሆን የለበትም። እንዲያውም የእኛ አገር የጥንቱ የፍቅር ስጦታ በአደባባይ የሚሰጥ ነው። ጥምቀት ዕለት ጎረምሳው የወደዳትን ልጅ በሎሚ ይመታል። ሎሚው ድሮ ከገበያ በሳንቲም የሚገዛ ነበር። ግን የሚወረወረው በሰው ፊት ነው፤ «እሷን ነው የወደድኳት» ብሎ ራሱን ያጋልጣል። እሷም ካልወደደችው ትተወዋለች። መልሱ የእሷ ነው። ያን ሰሞን ጥር 11 ደርሶ ወደ ጃን ሜዳ የሚተመውን ሕዝብ ሳይ፣ ጥያቄም ራሱ ስጦታ ሊሆን ይችላል ብዬ አሰብኩ። ሰውን ጠይቆ መጠበቅ፣ እንቢ ሊባል እንደሚችል እያወቁ መጠበቅ፣ ከድብቅ ደስታ ይልቅ ድፍረት ይጠይቃል።

ልጃችን ከተኛች በኋላ ነገርኳት። ቀለበቱን ሰርቄ መውሰዴንም፣ ክሩንም፣ ቀበና መሄዴንም።

ምንም አላለችም። ተነስታ ክብሪት ቀፎውን አመጣች። ቀለበቱን ወደ ቦታው መልሼው ነበር። ጉትቻውን አውጥታ መዳፌ ላይ አደረገችው። ይኼን ያህል ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር።

«ይቀልጣል ማለት ነው?»

«አዎ።»

«ሁሉም?»

«ግማሽ ግራም ይበቃል። የቀረው ይመለሳል። ካልፈለግሽ ደግሞ ከሳቸው እገዛለሁ።»

ጉትቻውን መልሳ ወሰደችና በጣቷ አገላበጠችው። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «እኔ እኮ አንተ ቅር ብሎህ ይሆናል ብዬ ነበር። አንድም ቀን ቀለበትሽ የት ሄደ ብለህ አልጠየቅከኝም። ወይ ቅር ብሎታል ወይ ረስቶታል እያልኩ ነው የኖርኩት።»

አልረሳሁትም። የሷ ጣት ባዶ ሆኖ የኔ ላይ ቀለበቱ ሲኖር አንዳንዴ በሰው ፊት እጄን ኪሴ እከት ነበር። ውፍረቷን ያነሳሁባት እንዳይመስላት ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ አልጋ ተኝተን፣ እያንዳንዳችን ሌላውን ላለማስቀየም ብለን ዝም ብለናል። ያን ሌሊት እስከ ዘጠኝ ሰዓት አወራን። ቀለበቱ የመጀመሪያዎቹን አሥር ደቂቃዎች ብቻ ነበር የወሰደው።

ጉትቻው እንዲቀልጥ እሺ ያለችኝ ግን ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ጠዋት ጫማዋን እያሰረች፣ «ቅዳሜ ከሰዓት እንሂድ» አለች።

ሠሪው መጀመሪያ ያደረጉት መመዘን ነው። ቀለበቱንም ጉትቻውንም በየተራ ሚዛን ላይ አድርገው ቁጥሩን በወረቀት ጻፉና ወረቀቱን ለእሷ ሰጧት። «አጠገቤ ቁጭ ብለሽ እዪ፣ ልጄ» አሏት። ወርቅ የሚያሠራ ሰው ሁሉ እንዲህ ቢያደርግ ጥሩ ነው። ሲገባና ሲወጣ ማስመዘን፣ ከተቻለም ቁጭ ብሎ ማየት። በሠሪውና በባለቤቱ መካከል ቅሬታ አይኖርም።

ከዚያ በቀለበት መለኪያ ጣቷን ለኩ። የሚያልፈውንና የማያልፈውን እያፈራረቁ ሦስት ጊዜ። አምስት ሚሊ ሜትር ያህል ይጨመራል አሉ። የጣት ጥፍር ወርድ እንኳን አይሞላም። ለዚያች አምስት ሚሊ ሜትር ነው ስምንት ዓመት።

መነጽራቸውን አወረዱ፣ በአጉሊ መነጽር የቀለበቱን ውስጥ አዩ። ስሜ አለ። «ጥር 2007» አለ። በስሙ መጨረሻና በቀኑ መጀመሪያ መሃል ፊደል የሌለበት ክፍተት ፈልገው አገኙ። እዚያ ላይ በቀጭን መጋዝ ቆረጡት። ሲቆረጥ ባለቤቴ ክንዴን ያዘችው።

ጉትቻው ወደ ትንሽ የሸክላ ማቅለጫ ገባ። ቁንጥር ቦራክስ ነሰነሱበት፤ ቆሻሻውን ይሰበስባል፣ ብየዳውም እንዲይዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ንጹሕ ወርቅ የሚቀልጠው 1,064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ነው፤ መዳብና ብር ሲገባበት ዝቅ ይላል። ነበልባሉ ሲነካው ጉትቻው መጀመሪያ ቀላ። ቅርጹ ለጥቂት ጊዜ ቆየ። የጆሮ መንጠልጠያው ጎበጥ አለ። ከዚያ በድንገት ተሰበሰበና ክብ ሆነ፤ እንደ እንባ ጠብታ፣ የሚንቀጠቀጥ፣ የሚያበራ። ባለቤቴ «እማዬን» አለች በለሆሳስ። ሌላ አላለችም።

ቀዝቅዞ ሲወጣ አንዲት ቢጫ ፍሬ ናት። በመቁረጫ ትንሽ ቆርጠው ቀጠቀጧት። ወርቅ ሲቀጠቀጥ ይደርቃል፤ ስለዚህ እየመለሱ እሳት ያሳዩታል፣ ሲለሰልስ ይቀጠቅጡታል። አራት አምስት ጊዜ። ልኳ ሲደርስ በቀለበቱ ክፍተት አስገቧት፣ በየዱት፣ አሲድ ውስጥ ነከሩት፣ ጥቁረቱ ለቀቀ። ሞረዱ። ወለወሉት።

ሲጨርሱ በለስላሳ ጨርቅ ጠርገው አሳዩን። ቀለበቱ በአንድ በኩል ጠቆር ያለ ቢጫ መስመር አለው። ባለ 21ዱ ወርቅ ከባለ 18ቱ ይደምቃል። ሠሪው ትንሽ ያሳሰባቸው መሰለ። «በወርቅ ውኃ ነክሬ አንድ ዓይነት ላደርገው እችላለሁ፤ መስመሩ አይታይም» አሏት።

«አይ አባባ፣ ይታይ» አለች።

እኔ ነኝ ያጠለቅሁላት። አንጓዋ ላይ ደረሰ። ቆመ። እንዳልሆነ ታወቀኝ፣ ልቤ ዱብ አለ። እሷ ራሷ ጣቷን ዘረጋ አደረገችና በትንሹ አዞረችው። አለፈ።

የቀረችውን ፍሬ መዝነው በወረቀት ጠቅልለው ሰጧት። ባለቤቴ ቦርሳዋን ከፍታ ክብሪት ቀፎውን አወጣች። ይዛው መምጣቷን አላወቅሁም ነበር። ፍሬዋን ከተተችበት።

ቤት ስንደርስ ልጃችን ነች መጀመሪያ ያየችው። የእናቷን እጅ ይዛ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት፣ ጥፍሯን መስመሩ ላይ አደረገች።

«ይቺ ለምን ለየት አለች?»

«ይቺ የአያትሽ ናት» አለቻት።